የተዋናይ ፊት የማን ሀብት ነው?

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ የኑሮ መሠረት ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ይሁንና ይህ ሐቅ በመፈክር መልክ ተደጋግሞ ሲነገር እንጂ በአንድ የኪነት ሰው ሕይወት ላይ ተፈትሾ ሲታይ እምብዛም አይገኝም። ባለቅኔው ግጥሙን፣ ሠዓሊው ሸራውን፣ ቀራጺው ድንጋዩን ለገበያ ሲያቀርብ ከራሱ ውጪ የሆነ ነገር ያቀርባል። ተዋናይ ግን የሚያቀርበው ፊቱን፣ ድምፁንና አካሄዱን ነው። የምርት መሣሪያውም ምርቱም እሱው ራሱ ነው። በመሆኑም ኪነ ጥበብ ሸቀጥ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ሰው ከገዛ ራሱ እንዴት ሊነጠቅ እንደሚችል ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከተዋናይ ሕይወት የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ሊያገኝ አይችልም።

ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የመረጥነው ፒተር ሎሬን ነው። የቀድሞ ፊልሞችን የሚያዘወትር ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ፊቱን ያውቃል። አጭር ቁመት፣ ክብ ፊት፣ ወጣ ያሉ ትልልቅ ዓይኖች፣ ከሹክሹክታ እምብዛም የማይበልጥ ለስላሳ ድምፅ ሎሬን ከሌላው ለይተው ያስታውቁታል። ከጥቂት ፊልሞች በስተቀር መሪ ተዋናይ ሆኖ አልሠራም። የፊልሙ ዓለም ካራክተር አክተር የሚለው ዓይነት፣ ማለትም ከዋናው ጀግና ጎን ቆሞ ልዩ ጠባይ ያለውን ሰው የሚጫወት የኪነት ሰው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንጠይቃለን።

ሎሬ ላዝሎ ሎወንስታይን በሚል ስም ጁን 26 ቀን 1904 ተወለደ። የተወለደባት ከተማ በዚያን ጊዜ በኦስትሮ ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር የነበረች ስትሆን ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ትገኛለች። ቤተሰቡ ጀርመንኛ ተናጋሪ አይሁድ ነበሩ። አባቱ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። እናቱን ገና በአራት ዓመቱ አካባቢ አጣ። ቤተሰቡ ወደ ቪየና ከተዛወረ በኋላ ወጣቱ ላዝሎ ለጥቂት ጊዜ በባንክ ጸሐፊነት ቢቀጠርም ልቡ ከመዝገቡ ላይ አልነበረም። በቪየና፣ በብሬስላውና በዙሪክ ትንንሽ መድረኮች ላይ ከተሟሸ በኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻ በርሊን ገባ። በዚሁ የወጣትነት ዘመኑ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተሰጠው ሞርፊን ሱስ ሆኖበት ከዕድሜ ልክ ጠላት ጋር አስተሳስሮታል።

በርሊን ያን ጊዜ የምትናጥ ከተማ ነበረች። የ1929ኙ የካፒታሊዝም ቀውስ ፋብሪካዎችን ዘግቶ ሠራተኛውን በጎዳና ላይ በትኖ ነበር። በ1932 መጀመሪያ ላይ በጀርመን ሥራ አጥ ሆኖ የተመዘገበው ሕዝብ ከ6 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በአንድ በኩል ወዛደሩ፣ በሌላ በኩል በትልልቅ ከበርቴዎች የሚደገፈው የናዚ ፓርቲ በየአደባባዩ ይፋለሙ ነበር። በዚህ የትግል ወቅት መድረክን የሕዝብ ማሰቢያ ለማድረግ ከተነሡት መካከል ግንባር ቀደሙ ደራሲና አዘጋጅ ቤርቶልት ብሬኽት ነበር። ብሬኽት ተመልካቹ በስሜት ሰምጦ እንዲያለቅስ ሳይሆን ነቅቶ እንዲመረምር፣ “ይህ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ? ሌላ መንገድስ አልነበረውም ወይ?” ብሎ እንዲጠይቅ ይሻ ነበር። ሎሬን አግኝቶ በ1929 በበርሊን መድረክ ላይ ያወጣውም ይኸው ሰው ነው።

የሁለቱ ትብብር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በፌብሩዋሪ 1931 በቀረበው “ሰው ሰው ነው” በተሰኘው ተውኔት ነው። ታሪኩ ቀላል ይመስላል። ጌሊ ጌይ የሚባል አንድ የጭነት ሠራተኛ ዓሣ ሊገዛ ከቤቱ ይወጣል። አንድ ጓደኛቸው የጎደለባቸው የቅኝ ገዢ ሠራዊት ወታደሮች መንገድ ላይ ያገኙትና በማታለልና በማስፈራራት ስሙን አስክደው፣ የሐሰት ፍርድና የሐሰት ግድያ ፈጽመውበት፣ በመጨረሻ ሌላ ሰው፣ ያውም የጦር መሣሪያ የሆነ ሰው ያደርጉታል። አንድ ማሽን ተፈትቶ እንደገና እንደሚገጠም ሁሉ ሰውም ተፈትቶ ሊገጠም ይችላል የሚል ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሎሬ ይህን ሰው ሲጫወት ከፊሉ የቡርዧ ጋዜጣ ሐያሲ አልወደደለትም። ንግግሩ የተቆራረጠ ነው፣ ገጸ ባሕርይው ወጥነት የለውም ተብሎ ተነቀፈ። ብሬኽት በዚያው ዓመት በጋዜጣ ላይ ባወጣው መልስ ነገሩን አፍርጦ አስረዳ። ወጥነት የሌለው ተዋናዩ ሳይሆን ሰውዬው ነው፤ ምክንያቱም ኑሮ ያፈራርሰዋልና። ሎሬ ለአንዱ ሰው አራት ፊቶች ሰጥቶታል። በመጀመሪያ የጭነት ሠራተኛው ፊት፣ ቀጥሎ ከክሱ በኋላ የሚታየው የተፈጥሮ ፊቱ፣ ከዚያም እንዳልተጻፈበት ወረቀት ባዶ የሆነው ፊት፣ በመጨረሻም የወታደሩ ፊት። የትወና ጥበብ ማለት ይህ ነው። ሰው አብሮት የተወለደ የማይለወጥ ጠባይ የለውም፤ ሁኔታው ይቀርጸዋል፤ እሱም በተራው ሁኔታውን ሊቀርጽ ይችላል። በአራት ፊቶች ይህን ያሳየ ተዋናይ ፖለቲካዊ ትምህርት ሰጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ፣ በሜይ 1931፣ የፍሪትዝ ላንግ “ኤም” የተባለው ፊልም በበርሊን ታየ። ሎሬ ሕፃናትን እያባበለ የሚገድል ሃንስ ቤከርት የተባለ ሰው ሆኖ ተጫወተ። ከተማው በፍርሃት ተጨነቀ። ፖሊሱ አሰሳ ቢያበዛ ሌቦቹና ቀማኞቹ መንቀሳቀሻ አጡ፤ በዚህም ምክንያት ገዳዩን ራሳቸው ለመያዝ ተነሡ። በመጨረሻም በአንድ ባዶ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ወንጀለኞች ዳኛ ሆነው ወንጀለኛን ለፍርድ አቆሙት። ሎሬ እዚያ ቆሞ የሚናገረው ረጅም ንግግር፣ ከራሱ ሊሸሽ የሚሞክርና ሊያመልጥ ያልቻለ ሰው ጩኸት፣ በፊልም ታሪክ ውስጥ ከታወቁት ትዕይንቶች አንዱ ነው። ተመልካቹ ድርጊቱን እየተጸየፈ ሰውዬውን ግን ከሰው ተራ ሊያወጣው አልቻለም። ሎሬ ለገዳዩ ይቅርታ አልለመነም። አውሬ ብሎ በቀላሉ ከመገላገል ግን ከለከለን።

በጃንዩዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሎሬ እንደ ብዙ አይሁድና ተራማጅ የኪነት ሰዎች በዚያው ዓመት ጀርመንን ጥሎ ወጣ። በቪየናና በፓሪስ አልፎ ለንደን ደረሰ። በ1934 በአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ውስጥ ሲሠራ እንግሊዝኛ በቅጡ አያውቅም ነበርና ቃላቱን በድምፃቸው እያጠና ነበር የተናገራቸው። ቋንቋው የሥራ መሣሪያው ለሆነ ሰው ስደት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ሐኪም ሲሰደድ ሙያው አብሮት ይሰደዳል፤ መሐንዲስም እንዲሁ። ተዋናይ ሲሰደድ ግን ግማሽ ሙያው ከድንበሩ ወዲያ ይቀራል። የቀረው ግማሽ ፊቱ ነው። ሆሊውድም የገዛው ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ የሆሊውድን የሥራ ውል አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ተዋናዩን ብዙውን ጊዜ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ውል ያስሩት ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደሚጫወት የሚወስነው ኩባንያው ነው። ሚናውን እምቢ ካለ ያለ ደመወዝ ይታገዳል። ኩባንያው ከፈለገም ተዋናዩን ለሌላ ኩባንያ ያውሰዋል፤ እንደ ማረሻ በሬ ማለት ነው። ሎሬም በአንድ ኩባንያ ተቀጥሮ በ1935 የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፊልሙን የሠራው ለሌላ ኩባንያ ተውሶ ነው። በዚያ ፊልም ራሱን ተላጭቶ በፍቅር ያበደ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ታየ። ወዲያው ከዶስቶየቭስኪ “ወንጀልና ቅጣት” በተወሰደው ፊልም የራስኮልኒኮቭን ሚና ቢያገኝም ገበያው አንድ ጊዜ ዋጋውን ቆርጦለት ነበር። እብድ፣ ገዳይ፣ ሰላይ፣ መጻተኛ፤ የቀረበለት ዝርዝር ይህ ነበር።

የሸቀጡ ሕግ ምን ያህል ከእውነት ጋር ግንኙነት እንደሌለው በይበልጥ የታየው ከ1937 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ነው። በነዚህ ሦስት ዓመታት ሎሬ ሚስተር ሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሰላይ ሆኖ በ8 ፊልሞች ተጫወተ። የመካከለኛው አውሮፓ አይሁድ የሆነው ስደተኛ ለምን ጃፓናዊ ሆነ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ለሆሊውድ ነጋዴ መጻተኛ ሁሉ አንድ ነው። እውነተኛ ጃፓናዊ ተዋናይ በመሪነት አይፈለግም፤ የሚፈለገው መነጽር ያደረገና ዓይኑን ያጠበበ የጃፓናዊ ምስል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1942፣ ያው መንግሥት ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆችን፣ አብዛኞቹ የአገሪቱ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ከየቤታቸው አስወጥቶ በታጠሩ ሰፈሮች አጎራቸው። ሐሰተኛው ጃፓናዊ ትርፍ ሲያስገኝ እውነተኛው ጃፓናዊ በሽቦ ታጠረ። ፊልሞቹ ይህን አደረጉ አንልም። ሰውን በፊቱ ቅርጽ መመደብ የለመደ ዓይን ግን ፊትን ወንጀል ለማድረግ እንደማይከብደው ሊሰመርበት ይገባል።

ይህን የበለጠ የሚያረጋግጥ ሌላ ድርጊት አለ። በ1940 ናዚዎች “ዘላለማዊው አይሁድ” የተባለ የጥላቻ ፊልም አወጡ። በዚህ ፊልም ውስጥ ከ“ኤም” ላይ የሎሬን የመጨረሻ ንግግር ቆርጠው አስገቡ። ገዳዩ ቤከርት በደራሲ የተፈጠረ ሰው መሆኑ፣ ፊልሙም አይሁድ ነው አለማለቱ ቀርቶ፣ “እነሆ አይሁድ እንዲህ ነው” ለማለት የተዋናዩን ፊት ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። አንድ የኪነት ሰው በጥበቡ የፈጠረው ምስል በገዛ ወገኖቹ ላይ የሞት መመስከሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በወገኖቹ ላይ የደረሰውን ዓለም ያውቀዋል። ሆሊውድና ናዚ አንድ ናቸው ማለት ታሪክን ማዛባት ይሆናል፤ አንደኛው ቀጥሮ ሲያሠራው ሌላኛው ሊገድለው ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ ስሕተት ተነሥተዋል። ሚናውን ከሰውዬው፣ ሰውዬውንም ከዘሩ ለይተው አላዩም።

ሎሬ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሙያውን አልጣለም። በ1941 “የማልታው ጭልፊት”፣ በ1942 ደግሞ “ካዛብላንካ” በተባሉት ፊልሞች የነበሩት ሚናዎች ትንንሽ ቢሆኑም አይረሱም። በ“ካዛብላንካ” ውስጥ የስደተኞችን የይለፍ ወረቀት እየቸረቸረ የሚኖር ኡጋርቴ የተባለ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ፊልሙ ገና ሳይጋመስም ይያዛል። ስደተኛን የሚበዘብዘውን ሰው የተጫወተው ራሱ ስደተኛ ነበር። የናዚውን ሻለቃ የተጫወተው ኮንራድ ፋይትም ናዚን ሸሽቶ የወጣ ጀርመናዊ ነበር። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ደግሞ በዚህ ፊልም ውስጥ ልቡን የሚነካ አንድ ነገር ያገኛል። የታሪኩ ዋና ሰው ፋሺዝምን የሚቃወም መሆኑን ለማሳየት ደራሲዎቹ የጠቀሱለት የመጀመሪያው የትግል ታሪክ በ1935 ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ማቀበሉን ነው፤ የስፔን ዘመቻው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ብቻውን የቆመው ሕዝባችን በ1942 የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የጸረ ፋሺስትነት መለኪያ ሆኖ መጠቀሱ ለማስታወስ የሚገባ ነው።

ብሬኽት በበኩሉ በስደት ከአገር ወደ አገር ተንከራትቶ በ1941 ካሊፎርኒያ ደረሰ። ሎሬ በዚያ ጊዜ ገቢ ነበረውና ለቀድሞ ጓደኛው በገንዘብ ደረሰለት። ብሬኽት ደግሞ ለሎሬ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነበረው። በ1943 “ሽቬይክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት” የተባለውን ተውኔት ሲጽፍ ዋናውን ሰው ሎሬ እንዲጫወተው አስቦ ነበር። የዋህ መስሎ የጌቶችን ጦርነት ውስጥ ውስጡን የሚያፈርሰው ያ ተራ ሰው ለሎሬ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር። ተውኔቱ ግን በሎሬ አልተተወነም። በአሜሪካ ገንዘቡን የሚያወጣለት አልተገኘም። በኦክቶበር 30 ቀን 1947 ብሬኽት “ፀረ አሜሪካዊ ድርጊቶችን” መርማሪ በተባለው የኮንግሬስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ በማግስቱም አገሩን ለቆ ወጣ። ከፊልሙ ሠራተኞች መካከል ለዚሁ ኮሚቴ አንመልስም ያሉት አሥር ሰዎች ታሰሩ፤ ብዙ ሌሎችም ከሥራ ተከለከሉ። ነጻነት በቃል ብቻ በሚነገርበት አገር የኪነት ሰው ዝምታውን እንኳ በዋጋ እንዲገዛ ተገደደ።

በ1949 ሎሬ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስመዘገበ። ወዲያውም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ብሬኽት በምሥራቅ በርሊን የበርሊነር አንሳምብልን አቋቁሞ ነበርና በግጥም ጭምር እንዲመለስ ጠራው። ሎሬ ግን በምዕራቡ በኩል ቀርቶ የራሱን ፊልም ሠራ። በ1951 የወጣው “የጠፋው ሰው” እሱ ያዘጋጀው ብቸኛ ፊልም ነው። ታሪኩ በናዚ ዘመን ስለነበረ ተመራማሪ ሐኪም ነው። ይህ ሰው የምርምሩን ምስጢር ለውጭ አሳልፋለች የተባለችውን እጮኛውን ይገድላል። የናዚ ባለሥልጣኖች ሰውዬው ለሥራቸው ስለሚጠቅም ወንጀሉን ይሸፍኑለታል። መንግሥት የሸፈነው ወንጀል ግን በሰውዬው ውስጥ እየሰፋ ሄዶ ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በስደተኞች ካምፕ ውስጥ በሌላ ስም ሐኪም ሆኖ ሲሠራ የቀድሞ ባልደረባው ይመጣበታል፤ ያን ሰው ገድሎ ራሱንም ለባቡር ይሰጣል።

አንባቢ እዚህ ላይ የ1931ዱን “ኤም” ያስታውስ። ሎሬ ከ20 ዓመት በኋላ ወደዚያው ፊት ተመልሶ አዲስ ጥያቄ ጠየቀበት። በመጀመሪያው ፊልም ገዳዩ ኅብረተሰቡ ያሳደደው አንድ ሰው ነበር፤ በሁለተኛው ግን መንግሥት ያቀፈው አገልጋይ ነው። ገበያ የሰጠውን የገዳይ ፊት ወስዶ በገበያው ሳይሆን በፋሺዝም ላይ እንዲመሰክር አደረገው። ይህ በሕይወቱ የፈጸመው ከፍተኛ ተግባር ነው ብለን እናምናለን። የምዕራብ ጀርመን ተመልካች ግን በዚያ ወቅት ተራራና አበባ የሞላባቸውን፣ ትናንትን የሚያስረሱ ፊልሞች ይመርጥ ነበር። ፊልሙ ከሰረ። ሎሬ ወደ አሜሪካ ተመለሰ።

የቀሩት ዓመታት ታሪክ አጭርና መራራ ነው። በ1954 በቴሌቪዥን በቀረበው “ካዚኖ ሮያል” ጄምስ ቦንድ የተባለው ሰላይ የገጠመው የመጀመሪያው ክፉ ሰው ሆነ። በ1957 “የሐር ካልሲ” በተባለው የሙዚቃ ፊልም ውስጥ በፓሪስ ምቾት ተማርኮ ዓላማውን የሚረሳ የሶቪየት ኮሚሳር ሆኖ ጨፈረ። የብሬኽት ተዋናይ የነበረው ሰው በኮሚሳር ላይ ለማሳቅ ተቀጠረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በርካሽ ወጪ በተሠሩ የማስፈራሪያ ፊልሞች ውስጥ በራሱ ዝና ላይ እያሾፈ ተጫወተ። ካርቱን ሠሪዎችም ገና በ1940ዎቹ ዓይኑንና ድምፁን ቀድተው ያለ እሱ ያሳቁበት ነበር። በማርች 23 ቀን 1964 በሎስ አንጀለስ ሞተ። ዕድሜው 59 ነበር።

ከዚህ ሕይወት ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሊወሰዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው “ራሱን ሸጠ፤ በርሊን ሲጠራው ያልሄደ ከሃዲ ነው” የሚለው የችኩሎች ፍርድ ነው። ከጀርመን ሞት ሸሽቶ የወጣን፣ በሱስና በዕዳ የተያዘን አንድ ሰው ጀግና ባለመሆኑ ብቻ መኮነን ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ ሥርዓቱን ነጻ አውጥቶ ግለሰቡን ይከሳል፤ ስለዚህም ከመልኩ በቀር ተራማጅ አይደለም። ሁለተኛው መደምደሚያ ደግሞ “ተሰጥኦ ካለ የትም ያበራል” የሚለው የቡርዧ ማጽናኛ ነው። የሎሬ ተሰጥኦ አልጠፋም፤ በየፊልሙ ባሉ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ግን አራት ፊት የነበረውን ሰው አንድ ፊት ብቻ እንዲያሳይ አስገድዶ “እነሆ አበራ” ማለት፣ ወንዝን በማሰሮ ቀድቶ “ውኃው አልጎደለም” እንደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር ያመጣነው ሆሊውድን ነቅፈን በራሳችን ልንኩራራ አይደለም። ሂስ ያለ ግለ ሂስ ባዶ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በመድረኮቻችን ላይ ከቀረቡት የቅስቀሳ ትርኢቶች ውስጥ የባላባቱ ሆድ ሁልጊዜ የተነፋ፣ የወዛደሩ ክንድ ሁልጊዜ የተነሣ እንደነበር የሚዘነጋ የለም። ዓላማው የቀና ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰውን ከመደቡ ምልክት አልፎ ያላየ ትርኢት፣ ሰውን ከፊቱ አልፎ ካላየው ገበያ በዘዴው አይለይም። ባላባቱን ሁልጊዜ ጅል አድርጎ ያየ ተመልካች፣ ብልህ ሆኖ የመጣበትን በዝባዥ ሊያውቀው አይችልም። ብሬኽት ሎሬን በአራት ፊት ያሠራው ለዚህ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ችግር ከፊታችን ቆሟል። በየቴሌቪዥኑ ድራማና በየቀልዱ መድረክ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር የመጣው ተሸካሚ የሚታወቁት በአማርኛ አነጋገራቸው መሰበር ነው። ሰውዬው ገና አፉን ሲከፍት አዳራሹ ይስቃል። ምን እንዳለ ግን የሚሰማው የለም። አንድ ተዋናይ አንድ ጊዜ በዚህ አነጋገር ካሳቀ በኋላ ሌላ ሚና ያጣል። አንድ ብሔረሰብም አንድ ጊዜ የሣቅ ምንጭ ከሆነ በኋላ ሌላ ገጽታ ሊሰጠው ያስቸግራል። እንዲህ ያለው ሣቅ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ሰውን በአነጋገሩ መመደብ የለመደ ጆሮ ክፉ ቀን ሲመጣ አነጋገርን የመታወቂያ ወረቀት እንደሚያደርግ ከማንም በላይ እኛ ልናውቅ ይገባል። የ1940ው የናዚ ፊልም ትምህርት በሩቅ የሚነበብ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ይህ ጸሐፊ “ኤም”ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በውጭ አገር ተማሪ ሳለ ነው። በዚያው ዓመት በተማሪዎች የድራማ ክበብ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሚና ጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠው የበር ጠባቂነት ነበር። ክፋት የነበረበት ሰው አልነበረም፤ የክበቡ አባላት ሁሉ ለአፍሪካ ነጻነት የሚዘምሩ ነበሩ። ይሁንና በሦስተኛው ጊዜ በሩ አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ ሰው በክፋት ብቻ ሳይሆን በልማድም ከሰው ተራ ሊወጣ እንደሚችል ተረዳ። ወደ አገሩ ተመልሶ በቴሌቪዥን የዘበኛውን ቀልድ ሲያይ ግን ራሱም ከሳቂዎቹ አንዱ እንደነበር መደበቅ ሐቀኝነት አይሆንም።

ስለዚህ ምን መደረግ አለበት? አንደኛ፣ በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ ቲያትር ቤቶቻችን ከተመልካች ኪስ ይልቅ የሕዝብ አደራ የሚጠየቁ ናቸውና ለተዋንያን ሚና ሲሰጡ በአንድ መልክና በአንድ አነጋገር አስረው እንዳያስቀሩ ድልድሉን በየጊዜው ሊመረምሩ ይገባል። የሚያስቀው ተዋናይ ያስለቅስ፤ ዘበኛ ሆኖ የኖረው ዳኛ ሆኖ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ደራሲው ተራ ሠራተኛን ሲጽፍ የሚያስቅ አንደበት ብቻ ሳይሆን የራሱ ሐሳብ፣ የራሱ ስሌትና የራሱ ፍርሃት ያለው ሰው አድርጎ ይጻፈው። ሦስተኛ፣ ሐያሲያን ትርኢትን ሲመዝኑ በመሪው ተዋናይ ውበት ላይ ሳይወሰኑ በጠርዝ ላይ ቆሞ ሦስት ቃል የሚናገረውን ተዋናይም ይመልከቱ። የትርኢቱ ኅሊና ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ተዋናይ የሚሠራው በፊቱ ነው ብለን ጀምረን ነበር። ያ ፊት የነጋዴ ሀብት ሲሆን የሎሬን ዓይነት ሕይወት ያፈራል። የጥላቻ ሀብት ሲሆን ደግሞ በ1940 የታየውን ያፈራል። የፕሮፓጋንዳ ሠሪ ብቻ ሀብት ሲሆንም ጭምብል ይሆናል። የተዋናይ ፊት የሕዝብ ሀብት የሚሆነው ሕዝቡ በዚያ ፊት ውስጥ ራሱን፣ መለወጡንና ገና ሊለወጥ መቻሉን ሲያይ ነው። ዓሣ ሊገዛ ከቤቱ የወጣው ጭነት ተሸካሚ ወታደር ሆኖ የቀረው ማንም ቆም ብሎ “አንተ ማን ነህ?” ብሎ ስላልጠየቀው ነበር። በየመድረካችን ጠርዝ ላይ የሚቆመውን ሰው ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ የደራሲያችን፣ የአዘጋጃችንና የያንዳንዳችን የተመልካቾች ነው።